ከቤተ መጻሕፍቱ በፊት ቀናችንን እንመርምር



በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መሥሪያ ቤት ያለ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን የአገራችንን ብራናዎች፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ካቀረበው ስብስብ ተመዝግቦ ያለ ክፍያ ለመመልከት ይችላል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በገጹ ፈንታ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል።

ይህ በሆነ ጊዜ አስቀድማችሁ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከቱ። ድረ ገጹ ማንነቱን የሚያስረዳበት፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አለው፤ ብራውዘሩም ይህን የሚመረምረው በኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ የእኛን ዓመት የሞላ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመልሰው፣ ወረቀቱ ገና ያልተጻፈ ይመስላል። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ደክማለችና ትለወጥ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልተነሣ ግን፣ እርሱን አልፎ የይለፍ ቃልን መስጠት አይገባም። በቤተ መጻሕፍቱ ስም የቆመው አታላይ ሊሆን ይችላልና። ጥቂት መታገሥ፣ ምስጢርን ለማያውቁት ሰው ከማስረከብ ይሻላል።