መሐንዲሱ ለምን ይጽፋል?

(በአርብ ገበያ ከተደረገ ንግግር)



«መሐንዲስ ሆነህ ሳለ ለምን ጋዜጠኛ ሆንህ?» የሚሉኝ አሉ። መልሴ አጭር ነው። አንድ መሣሪያ ተሠርቶ ወሬው ከሚጠቅመው ሰው ዘንድ ካልደረሰ፣ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስለዚህ ስለ መሣሪያና ስለ አፈር፣ ስለ ደንና ስለ ውኃ መጻፍን ሥራዬ አደረግሁት። ዛሬ ስለ አንዱ ላጫውታችሁ። እሱም ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው።

እንጀራ በሦስት ጉልቻ ሲጋገር እሳቱ በየጎኑ ይወጣል። ምጣዱ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የቀረው ነፋስ ያሞቃል። ጭሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። እንጨት ሲያልቅ ኩበት ይነዳል። ኩበት ነደደ ማለት ማሳው ማዳበሪያውን አጣ ማለት ነው። ዛፍ ሲመነጠር ተዳፋቱ ይራቆታል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ በሽሎ፣ በሽሎም ወደ ዓባይ ይወስደዋል። እንግዲህ የማሳው ጉዳይ ከጓዳ ይጀምራል ማለት አይደለም ወይ?

ይህን አይተው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ያገራችን ባለሙያዎች ምርጥ ምድጃን አወጡ። የሚሠራው ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው። አራት ቁራጭ ሲገጣጠም ክብ ይሆናል፤ ምጣዱ ከላዩ ይጣዳል። ዙሪያው ስለ ተዘጋ ሙቀቱ አይበተንም። በስተኋላው በሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ይሞቃል። በሙከራ እንደ ታየው ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል።

ጉድለትም አለው። ይከብዳል፤ ሲጓጓዝ ሊሰበር ይችላል። የተሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ምጣድ ስለ ሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ምጣዳችሁን ለኩ። ሙገሳ ብቻ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነጋዴ እንጂ ጋዜጠኛ አይደለም።

እኔ ስላልሁም አትመኑ፤ ራሳችሁ ፈትኑት። በደንብ የደረቀ እንጨት 10 ኪሎ፣ 10 ኪሎ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ መዝኑ። አንድ ቀን በጉልቻ፣ ሌላ ቀን በምድጃው፣ ቁጥሩ እኩል የሆነ እንጀራ ጋግሩ። የተረፈውን እንጨት መዝናችሁ ከ10 ቀንሱ። ለምሳሌ 2 ኪሎ ቢተርፍ የነደደው 8 ኪሎ ነው። ሁለቱንም ቁጥር በደብተር ጻፉና አስተያዩ።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዳሩ ግን መብራት እያንዳንዱ የገጠር ጓዳ ገብቶ እንጀራ እስኪጋግር ድረስ ማገዶን መቆጠብ የእኛው ሥራ ነው።

ፊደል የቆጠረ ይጠይቃል፤ የጠየቀ ይለካል፤ የለካ አይታለልም። ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤት አንብቡለት።