ስለ ወገብ ሕመምና በኤም.አር.አይ. እየታየ ስለሚሰጥ የነርቭ ሥር መርፌ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ማኅበር መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን በቁማችን ስለሚያሠቃየን ነገርም ብንነጋገር መልካም ነው ብለን ዛሬ ስለ ወገብ ሕመም ጥቂት ለመናገር ተነሥተናል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ጡረተኞች ነን። ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ብቻ እናካፍላለን።

ድንኳን ተሸክሞ፣ አግዳሚ አንሥቶ ወገቡን ያልያዘው ማን አለ? ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንነሣ የሰው እጅ የምንይዝ ብዙዎች ነን። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በጭን አልፎ እስከ እግር ጣት ሲወርድማ እንቅልፍ ይነሣል። ታዲያ ሐኪሙ «በጀርባ በኩል መርፌ ይሰጥህ» ሲል «ኧረ ሽባ ያደርገኛል» ብሎ የሚሸሽ አለ። «አንዴ ከተወጋሁ ለዘለዓለም ዳንኩ» ብሎ ያለ የሌለ ገንዘቡን የሚያፈስም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የታችኛው ወገባችን 5 አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። ግራና ቀኝ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ደግሞ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች ሥራቸው ይወጣል። ዲስኩ ሲያረጅ ወይም ሲቀደድ ወጣ ብሎ የነርቩን ሥር ይጫናል፤ ነርቩም ይቆጣል። ይህንን ነገር ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 በጽሑፍ አስረድተዋል።

መርፌው የሚሠራው በዚያ በተቆጣው የነርቭ ሥር አጠገብ ማደንዘዣና ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት በማድረስ ነው። ማደንዘዣው ሥቃዩን ወዲያው ያስታግሳል፤ ስቴሮይዱ ቁጣውን ቀስ በቀስ ያበርዳል። ዲስኩን ግን ወደ ቦታው አይመልሰውም። የሚሰጠው ፋታ ነው፤ ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ወራት፣ ለአንዳንዱም ምንም። በዚያ ፋታ መካከል መራመድና ወገብን ማጠንከር ያስፈልጋል። ደግሞም አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ወራት ውስጥ እየተሻለው እንደሚሄድ ማወቅ ያጽናናል።

ዋናው ጉዳይ ቦታው ነው። መዝገብ ቤት የሠራን ሰዎች ፋይል የሚገኘው መደርደሪያው ሲታወቅ መሆኑን እናውቃለን። መርፌም እንደዚሁ ነው። በ1901 በፈረንሳይ ሲካር የተባለው ሐኪም ለዚህ ሕመም በጅራት አጥንት በኩል መርፌ ሲሰጥ በእጅ ዳሰሳ ነበር። ኋላ ራጅ ለዚህ አገልግሎት ዋለ። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ነርቭን አያሳይም፤ ስለዚህ መርፌው የደረሰበትን ለማወቅ ማቅለሚያ ፈሳሽ ይጨመራል። ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል፤ ይሁንና ሁለቱም በጨረር ነው የሚሠሩት።

ኤም.አር.አይ. በጠንካራ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ላውተርበርና ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መሣሪያው ነርቩንም፣ ዲስኩንም ያሳያል። በዚህ መሣሪያ መርፌ ሲሰጥ ሕመምተኛው በሆዱ ይተኛል፤ በቆዳው ላይ ምልክት ተደርጎ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ሐኪሙ ማግኔት የማይስበውን ልዩ መርፌ ጥቂት እያስገባ፣ እንደገና በፎቶ እያየ ወደ ነርቩ ሥር ይደርሳል። መርፌው በፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ጨረር ስለሌለው በተለይ ለወጣቶችና መርፌው ለሚደጋገምባቸው ይጠቅማል። መድኃኒቱ ግን ያው ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። በመሆኑም በዓለም ላይ አብዛኛው መርፌ የሚሰጠው በራጅ ወይም በሲቲ ስካን እየታየ ነው፤ ይህም ደህና ሕክምና ነው። በአዲስ አበባም ኤም.አር.አይ. ለምርመራ ይሠራበታል፤ ፎቶ ማንሣትና መርፌ መምራት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንወቅ።

ወረቀቱ ላይ «ዲስክ ወጥቷል» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻም አንደንግጥ። በ1994 በአሜሪካ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም.አር.አይ. ታይተው ዲስኮቻቸው ሁሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፎቶው ብቻውን አይፈርድም፤ ከሕመሙ ጋር መግጠም አለበት። መርፌውም እዚህ ላይ ይረዳል፤ ማደንዘዣው አንዱን ነርቭ ሲነካ ሥቃዩ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ያ ነርቭ መሆኑ ይገመታል።

እንግዲህ ሐኪማችንን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ የትኛው ነርቭ ነው? መርፌውን በምን እያዩ ነው የሚሰጡኝ? ካልተሻለኝስ ቀጥሎ ምን ይደረጋል? እኛም በበኩላችን የስኳር ሕመም ካለብን እንናገር፤ ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋልና። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምንወስድ፣ በልባችን መሣሪያ ወይም በሰውነታችን ብረት ያለብን አንደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በ2014 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአከርካሪ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል። ሽባነትም ከዚያ ውስጥ አለበት፤ ጥቂት ቢሆንም የለም አይባልም። ስለዚህ የሠለጠነ እጅና የሚያይ ዓይን ያለበት ቦታ መሄድ ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ እንላለን። ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ፣ ወጌሻ ቤት ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የእድራችን ጎረቤቶችም በሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልገን እናድርስ። ሬሳ ለመሸኘት የምንሮጠውን ያህል በሕይወት ያለውንም ለማትረፍ እንሩጥ።

ጤናና ዕድሜ ይስጠን።