ያስቀረኋት ስንኝ

የዛሬ ተመራቂ ልጆቼ፣ ለአማርኛ ትምህርት ብሎ በበረዶ እስከ ትቬይታ መምጣት ቀላል አይደለም፤ እንቅልፍ የሚጣፍጠው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ዘፈንን ጽፎ ስለማቆየት ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ክኑት ዳህሌ የሚባሉ የቴሌማርክ ቫዮሊን ተጫዋች ለሙዚቃ ደራሲው ለኤድቫርድ ግሪግ ደብዳቤ ጻፉ። ከቀደሙት የሃርዳንገር ቫዮሊን ባለሙያዎች የወረሷቸው ዜማዎች አብረዋቸው እንዳይቀበሩ ሰግተው ነበር። ግሪግ ቶሎ አልደረሰላቸውም። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዮሃን ሃልቮርሰን ዜማዎቹን እዚሁ ኦስሎ ከዳህሌ እየሰማ በኖታ የጻፋቸው 13 ዓመት ቆይቶ ነው። ግሪግ 17ቱን ዜማዎች ለፒያኖ አሰናድቶ በ1903 ሲያወጣ የሃልቮርሰንም ኖታ አብሮ ታተመ። የፈለገ ሁለቱን ማስተያየት ይችላል።

በዚያው በ1888 ቄስ ሳቢን ባሪንግ ጉልድ በእንግሊዝ ገጠር፣ በዴቮን፣ የባላገሩን ዘፈን መልቀም ጀመሩ። ባለጌ የመሰላቸውን ግጥም ለጨዋ ሳሎን እንዲሆን እየቀየሩ አሳተሙት። እስከ ዛሬ ይወቀሱበታል። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ከዘፋኞቹ የሰሙትን በእጅ ጽሑፋቸው ላይ አቆይተውታል።

መለወጥ በእኛም አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁሙ፣ በየፊናቸው የሚደመጡት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። ኋላ ተስፋዬ ለማ መሩት። አዝማሪውስ ቢሆን የትናንቱን መች እንዳለ ይደግማል?

የእኔ ጥፋት ሌላ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አያቴ የነገሩኝን የሠርግ ዘፈን በደብተሬ ጻፍኩ። መቼም የሠርግ ዘፈን ሚዜውንም አማቱንም አይምርም፤ አንዷ ስንኝ አሳፈረችኝና አስቀረኋት። ክፍል ውስጥ ሳነበው ተጨበጨበልኝ። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ደብተሩ አለ፤ ስንኟ የለችም። ማንን እንደምትነካ እንኳ ጠፍቶኛል።

ቅድም ሻይ ላይ ያጫወቱኝ እናት፣ እዚያ ከፊት የተቀመጡት፣ የወሎ ሰው ናቸው፤ እንደ አያቴ። እማማ፣ ዘፈኑን እኔ ላውጣ፣ እርስዎ ይቀበሉኝ። እኔ የማቆምበት ቦታ ስንደርስ እርስዎ አያቁሙ፤ ልጆች አሉ ብለውም አይፈሩ። ልጆች፣ ቅድም ዝጉ የተባላችሁትን ስልክ ክፈቱና ቅረጹ።