የዓለም ታሪክ ከጉዱማሌ ቢጀመር



የተሰበሰብንበት የሐዋሳው ጉዱማሌ ሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓሉን፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ የሚያከብርበት አደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ የተቀመጠው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓሉን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የዓለም ታሪክ መግቢያ ኮርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሜሶፖታሚያ ይነሣና በግሪክና በሮም አድርጎ ኮሎምበስ ዘንድ ይደርሳል። ተማሪያችንም ሠርገኛ ሲያልፍ ከአጥር ጥግ ቆሞ እንደሚያይ ልጅ ይሆናል። ኮርሱ ከዚህ፣ ከእኛው ደጅ መነሣት ይችላል፤ መነሣትም አለበት እላለሁ።

በፊቼ ዋዜማ የሚቀርበውን ቡርሳሜ እንውሰድ። ከእንሰት የተገኘው ምግብ በቅቤ ይታሻል፤ ወተትም አብሮት ይቀርባል። እንሰቱ ራሱ ያለ ከብት አይሆንም፤ ጓሮው የሚለማው ከጋጣ እየተጠረገ ሥሩ በሚጣለው እበት ነው። ከብት ያለቀበት ቤት የዛሬ ወተቱን ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት እንሰትም ያጣል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘ። በ1879 ዶጋሊ ላይ ከተመታ በኋላ ጦሩን አበዛ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ክፉ ቀን ስለተባለው ታላቅ ረሃብ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ለዚህ ጦር ከሕንድ በመርከብ የመጡ ከብቶች ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ ይዘው ምጽዋ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በሽታው በዚህ አላበቃም። ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን መንጋ ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ መድኃኒት ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ ሄደ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የማን ነው? የኢትዮጵያ ብቻ ነው ብንል ሕንድን፣ ጣሊያንንና ደቡብ አፍሪካን እንቆርጣለን። የአውሮፓ ቅኝ አገዛዝ ታሪክ ነው ብለን ብናልፈው ደግሞ በሬው የሞተበትን ሰው እንረሳለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ዘወትር የሚቆጨኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች አንትወርፕ ወደብ ላይ ሲያርፉ ይኸው በሽታ ቤልጅየም ገባ። በአራት ዓመት ውስጥ፣ በ1924፣ መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተስማምተው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጤና ድርጅትን አቋቋሙ። ዘመኑ ተለውጦ ነበር፣ ሳይንሱም አድጎ ነበር፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ምጽዋ የገባው በሽታ ለእኛ ክፉ ቀንን ብቻ ጥሎ ሲያልፍ፣ አንትወርፕ የገባው ለዓለም ተቋም አስገኘ። ተማሪው ይህን ልዩነት ፈርቶ ሳይሆን መርምሮ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው። የኮርሱ የመጨረሻ ምዕራፍ እስከዚህ ድረስ ይዝለቅ።

ሐዋሳ ላይ ይህን ለማስተማር የሚያንሰን ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲያችን መሠረቱ በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ ነው፤ ስለ እንሰትም ስለ ከብትም የሚያውቅ መምህር እዚሁ ግቢ አለ። የታሪክ መምህሩ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ይግባ። የፊቼን ዕለት ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቶዎችም ስለ ዘመን አቆጣጠር በምንማርበት ሰዓት ይጋበዙ፤ አራት ቀን ያለውን የሲዳማ ሳምንት ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳልን የለም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ልጆቼ፣ የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በየቤታችሁ ካሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለ ከብት እልቂት የሰሙትን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ማን ከማን ጥጃ እንደተዋሰ፣ ማን ወዴት እንደተሰደደ። ከዚያ ምጽዋን፣ ዛምቤዚንና አንትወርፕን በካርታ ላይ አመልክቱ። በሁለተኛው ሳምንት ካርታውንና የጻፋችሁትን ጎን ለጎን ዘርግተን ክፍል እንጀምራለን።