የጠላት ገንዘብ ምን ያስተምረናል?



በጦርነት ዘመን የታተመ የወረቀት ገንዘብ መሰብሰብ ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። እኔ ግን ትምህርት ነው እላለሁ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ጠገራ ብር ቀርቶ ሊሬ እንዲሠራ ዐወጀ። ቆይቶም «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ጽሕፈት ያለባቸውን ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ ወረቀቶች አወጣ። ባላገሩ ግን ወረቀቱን አላመነም፤ ብሩን ሸሸገ። ወራሪው ራሱ እንኳ ጠገራ ብር በሮማ ያሠራ ነበር። የጎንደሩ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ የወረቀቱም ጌታ ወደቀ። ገንዘብ የሚቆመው በዐዋጅ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ እምነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ጎንደር የወራሪው የመጨረሻ ምሽግ ነበረችና፣ እንደ እንፍራንዝ ባሉት ጎረቤት ከተሞች ይህ ወረቀት በየሳጥኑ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ለዕረፍት ስንገባ ሽማግሌዎቻችንን እንጠይቅ። ያገኘነውን በሙጫ አንለጥፈው፣ አንጠበው። ከማን እጅ እንደ መጣና ምን እንደ ተሸጠበት አብረን እንጻፍ። ወረቀቱ ይቆየናል፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን አይቆየንም።