ለአንድ ቀን የሚቆም ቅርጽ



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙት መንደሮች ሠርግ ሲቃረብ ዳስ ይጣላል። ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፤ ወራጁና ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ ጣሪያው ቅጠል ይለብሳል። ለዚህ ሥራ ንድፍ ያነሣ መሐንዲስ የለም፤ ስሌት የጠየቀ ሙሽራም አልታየም። ይሁን እንጂ ዳሱ እንግዳውን ሁሉ አስተናግዶ እስኪፈርስ ድረስ በደኅና ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመገልበጡን ጉልበት ጉድጓዱ ይቀበለዋል፤ የልጡ እስር ሳይበጠስ ጥቂት ይለመጣል፤ ቅጠሉም ነፋሱን አጣርቶ ያሳልፋል። የመስቀል ደመራም እንዲሁ ነው፤ እንጨቶቹ ግርጌያቸውን አስፍተው ወደ አንድ ራስ ስለሚደገፉና ነፋስ በመካከላቸው ስለሚያልፍ አይወድቅም። የሚወድቀው ሲቃጠል ነው፤ ያም ቢሆን ወዴት እንደሚወድቅ ሕዝቡ በጉጉት ይጠብቃል።

በከተሞቹ ግን ሌላ ዓይነት የበዓል ሥራ ገብቷል። የምርት ባዛር ሲከፈት፣ ፋብሪካ ሲመረቅ ወይም አዲስ መጠጥ ለገበያ ሲቀርብ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ጠርሙስ፣ ጀበና ወይም የበቆሎ እሸት እንዲሠራ ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙን የሚቀበለው የብየዳ ቤት ነው። በያጁ ቅርጹን በወለሉ ላይ በጠመኔ በትክክለኛ መጠኑ ይነድፋል፤ ፌሮውን በንድፉ ላይ እያጎበጠ የጎድን አጥንት ያበጅለታል፤ በቱቦላሬ ቋሚ ላይ ይበይደዋል፤ ከዚያም ላሜራ፣ ፋይበር ግላስ ወይም የታተመ ባነር ያለብሰዋል። ጀሶ የሚለጥፉም አሉ፤ ጀሶ ግን የክረምቱን ዝናብ አይችልም። የበያጁ እጅና ዓይን የሚደነቅ ነው። ጉድለቱ ያለው ከግርጌው ላይ ነው። ቅርጹ የሚቆመው በአስፋልት ወይም በአደባባይ ንጣፍ ላይ ስለሆነ መቆፈር አይፈቀድም። ዳሱን ያቆመው ጉድጓድ ቀረ ማለት ነው፤ ነፋስ ያሳልፍ የነበረው ቅጠልም ነፋስ በማያሳልፍ ባነር ተተካ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይገባል። ቁመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የበቆሎ ምስል እንውሰድ። ክብደቱ 250 ኪሎ፣ የመሠረቱ ፍሬም ስፋት 2 ሜትር ይሁን። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከጠረፍ አየር የሳሳ ነው፤ በባሕር ጠለል 1.2 የሚሆነው የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት እዚያ ወደ 0.95 ኪሎ ይወርዳል። ይህ ትንሽ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አያዝናናም። በሴኮንድ 22 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 23 ኪሎ ያህል ግፊት አለው፤ የጠፍጣፋነቱ ዋጋ 1.3 ሲባዛበት 30 ኪሎ ይሆናል። በ12 ካሬ ሜትር ላይ 360 ኪሎ ማለት ነው። ግፊቱ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚያርፍ የመገልበጡ ጉልበት 720 ኪሎ ሜትር-ክንድ ሲደርስ፣ የምስሉ የራሱ ክብደት የሚመልሰው 250 ብቻ ነው። እንግዲህ ምስሉ ይወድቃል፤ ከሥሩም ፎቶግራፍ የሚነሡ ልጆች አሉ። አንድ ተኩል እጥፍ መጠባበቂያ ቢታሰብ ተጨማሪ 830 ኪሎ በፍሬሙ መካከል መጫን አለበት፤ ይኸውም ባለ 50 ኪሎ 17 ጆንያ አሸዋ ነው። መንሸራተቱ ደግሞ ለብቻው ይታያል።

እሸቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ድቡልቡል ሆኖ ቢሠራ ግፊቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ፍሬዎቹ ጎላ ብለው ሲሠሩ ጥቂት ይጨምር ይሆናል። ስለዚህ ለዓይን የሚያምረው ለነፋስም የተሻለ ነው፤ እንዲህ ያለ መልካም አጋጣሚ በሙያችን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዓል ቀጠሮውን እንደማያዛውር ታሪካችን ያውቃል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው ለዘውድ በዓል ነበር፤ 50 ሜትር ከፍታ ያለው የትግላችን ሐውልትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እንዳያልፈው ተጣድፎ የቆመ ነው። የመጀመሪያው የጀርመን ቀራፂ ሥራ ሲሆን፣ በሁለተኛው ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሠርተዋል። ሁለቱም የቆሙት መሠረት ተሰጥቷቸው ነው። የገጠር ከተማ የባዛር ቅርጽም ሳይታሰብ ይሰነብታል፤ በዓሉ አልፎ የሚያነሣው ሲጠፋ በአደባባዩ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ በቱቦላሬው ውስጥ የታቆረው ውሃ ከውስጥ ያዝገዋል። ከግርጌው አንዲት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ መብሳት በቂ ነበር።

ቅርጹ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ተሠርቶ ሲመጣ የአይሱዙው ጋሪ ስፋት ንድፉን ይወስናል። የአክሱም ሐውልት እንኳ፣ 24 ሜትር ርዝመቱ፣ በ1997 ዓ.ም. ከሮማ የተመለሰው በሦስት ክፍል ሆኖ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ እስኪቆም ድረስ አንዱ ጭንቀት መጋጠሚያው ነበር። የባዛሩም ቅርጽ መጋጠሚያ በቡሎን ቢሆን ይመረጣል፤ በበዓሉ ዋዜማ መብራት ቢጠፋ ብየዳ አይታሰብምና።

መሐንዲሶች ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ቆጥረው ለበያጁ ብቻ መተዋቸው ተገቢ አልነበረም። ማኅበሩ በአንድ ገጽ ላይ ቁመትን፣ ስፋትንና የቅርጹን ዓይነት ከሚያስፈልገው ክብደት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለብየዳ ቤቶች ቢያድል፣ ከጥቂት ቀናት ሥራ አይበልጥም። መለኪያው ግን ኪሎኒውተን አይሁን። የቡሬ በያጅ ደጁ ላይ ያለው ጆንያ ነውና፣ ሠንጠረዡም በጆንያ ይጻፍ።