የሞተረኛ ጓንትና የእጅ ልክ

በሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ ሞተረኛ ሲወድቅ አስቀድሞ የሚዘረጋው መዳፉን ነው። የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ ይሁንና አስፋልት ለሚፍቀው እጅ ይህ ብቻውን ስለማይበቃ፣ የጓንቱ መዳፍ በወፍራም የፍየል ወይም የከብት ቆዳ ሊደረብ ይገባል።

ልኩን ግን ዓይን አይፈርድም። ገዢው ጓንቱን አጥልቆ መሪ እንደሚጨብጥ ጣቶቹን ያጥፍ፤ የጣቱ ጫፍ ከስፌቱ ከተጋፋ ጠቧል፣ ቆዳው በመዳፉ ላይ ከተሸበሸበ ሰፍቷል። የእጅ አንጓውንም ማሰሪያ አጥብቆ ይሳበው፤ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 13594 ይህንኑ ይፈትናል። ያን ጊዜ የወለቀ ጓንት በአደጋም ሰዓት ይወልቃልና። እንጀራው በመዳፉ ላይ ለቆመ ሰው፣ ርካሽ ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጓንት ውድ ነው።